የአባይን በረሃ ያለ አደጋ መውረድ፦ ለሹፌር፣ ለረዳት፣ ለባለ መኪናና ለተሳፋሪ

ከባድ መኪና ቁልቁለት ላይ አልታዘዝ ብሎ ገደል ሲገባ ወይም ከፊቱ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ሲሄድ የሚነገረው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ፍሬን በጠሰ»። መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ሲገባና ሲፈታ ግን ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ቱቦም ሆነ የተሰበረ ብረት አይገኝም። የሚገኘው የጠቆረና እንደ መስታወት የለሰለሰ የፍሬን ሸራ፣ ከሙቀት የተነሳ ሰማያዊ የሆነ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞረውና ሸራው ተጭኖ የሚይዘው ብረት)፣ ፎሌ ላይ (ከማርሽ ውጪ) የቀረ ካምቢዮ ነው። «በጠሰ» የሚለው ቃል ነገሩን ድንገተኛ ያስመስለዋል። ፍሬን የሚግለው ግን ቀስ በቀስ ነው፤ የሚግልበትን ምክንያት ሹፌሩ የሚወስነውም ገና አፋፉ ላይ ሳለ፣ ማርሽ በሚይዝበት ሰዓት ነው።

እዚህ የምናወራው በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ስላለው መንገድ ነው። ከአፋፍ እስከ አፋፍ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። በእያንዳንዱ ወገን ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለ። ጭነትም በሁለቱም አቅጣጫ ይወርዳል፦ ከሸዋ በኩል ሲሚንቶ፣ ብረትና ነዳጅ፣ ከጎጃም በኩል ጤፍና በቆሎ። ስለዚህ «እኔ የምወርደው ባዶዬን ነው» የሚል ሹፌር ብዙ አይገኝም። መሬቱ የሚንሸራተት በመሆኑ አስፋልቱ ቦታ ቦታው ላይ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። የቆላው ሙቀት ያለሰለሰውን አስፋልት ደግሞ የከባድ መኪና ጎማ እየጠቀጠቀ ቦይ ያወጣበታል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ለሚወርድ፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ለሚያልፍም ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ይሠራል፤ ጣርማበር ላይ ጉሙ፣ ሊማሊሞ ላይ ጥምዝምዙ ይጨመርበታል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ከነተሳቢው 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ከከፍታው የሚያገኘው ጉልበት 390 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ወደ 11 ሊትር ናፍጣ ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ማለት ነው። ይህ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ጥቂቱን ይወስዳሉ። የቀረውን ወይ ሞተሩ በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ያስወጣዋል፣ ወይ ታምቡሮቹ ይሸከሙታል።

ፍጥነት እዚህ ላይ ይገባል። 7 በመቶ ቁልቁለት ላይ ያው መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ለመግታት የሚያስፈልገው ኃይል 230 ኪሎ ዋት ያህል ነው። በ60 ሲወርድ 460 ይሆናል። ማርሹና የጭስ ማፈኛው (ሹፌሮች ሞተር ብሬክ የሚሉት) የሚይዙት ኃይል ግን ወሰን አለው፤ ፍጥነቱ ስለተጨመረ ብቻ እጥፍ አይሆንላቸውም። ትርፉ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ቀስ ብሎ የሚወርድ መኪና ታምቡሩ ለመቀዝቀዝም ጊዜ ያገኛል። ደግሞስ ስንት ደቂቃ ይተርፋል? 20 ኪሎ ሜትሩን በ25 መውረድ 48 ደቂቃ ይፈጃል፣ በ40 መውረድ 30 ደቂቃ። ልዩነቱ 18 ደቂቃ ነው፤ ደጀን ላይ ያዘዙት ምሳ እስኪቀርብ የሚጠበቀውን እንኳ ላያህል ይችላል።

ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል። በአየር በሚሠራ ፍሬን ሸራውን የሚገፋው ዘንግ ይህን ርቀት ለመሙላት ረዘም ብሎ መሄድ ይኖርበታል፤ የዘንጉ ጉዞ ደግሞ የተወሰነ ነው፤ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ምንም አየር ቢጨመር አይገፋም። ሸራው ራሱም ሲግል የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። ሹፌሩ የሚሰማው እንግዲህ ይህ ነው፦ መለኪያው ላይ አየር አለ፣ ፔዳሉ ይረገጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም።

ሚኒባስና እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ያሉ በፍሬን ዘይት የሚሠሩት ሌላ ጣጣ አለባቸው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት የጠጣው ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ሲሆን ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃልና ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። መካኒኩ በማግስቱ አይቶት «ምንም የለበትም» የሚለው ለዚህ ነው። ዘይቱን በየ2 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ማስቀየር ይህን ያስቀራል፤ የጎደለውን እየሞሉ መሄድ ግን አሮጌውን ዘይት ውስጡ እንዳለ ያቆየዋል።

ከከተማ ከመውጣት በፊት

ይህ ፍተሻ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። መፍቻና መካኒክ ያለበት ከተማ ውስጥ መሠራት አለበት፤ ጎሃ ጽዮን ደርሶ ማሰብ ዘግይቷል።

አየሩን በመለካት ጀምሩ። ለጎማው ታኮ አድርጉ። ሞተሩን አስነስታችሁ መለኪያው 8 ባር ገደማ እስኪደርስ ጠብቁ። ከዚያ ሞተሩን አጥፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ 1 ደቂቃ ያዙ። በዚያች ደቂቃ ተሳቢ የሌለው መኪና ከ0.2 ባር በላይ፣ ተሳቢ ያለው ከ0.3 ባር በላይ ከጣለ የሚያፈስ ቦታ አለ። ረዳቱ በጆሮው ይከታተል፤ ሲጢጢ የሚልበትን መገጣጠሚያ ሳሙና ሲቀቡት አረፋው ያጋልጠዋል። ቀጥሎ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱና ፔዳሉን ደጋግማችሁ እየረገጣችሁ አየሩን አውርዱ፤ 4 ባር ሳይደርስ የማስጠንቀቂያው መብራት ወይም ድምፅ መምጣት አለበት። ካልመጣ፣ በረሃ ውስጥ አየር ሲያልቅባችሁ የሚነግራችሁ የለም።

ከአየር ማጠራቀሚያዎቹ ስር ያለውን ማፍሰሻ በየቀኑ ክፈቱት። ጥቂት ውኃ መውጣቱ ያለ ነው። ዘይት የተቀላቀለበት ወተት መሳይ ነገር ከወጣ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ማለቁን ያሳያል፤ ያ ዘይት ቱቦውን አልፎ ባልቦላዎቹን ያበላሻል።

ሁለተኛው ነገር የፍሬኑ ማስተካከያ ነው። ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለውም ይኸው ነው። መኪናው ሜዳ ላይ፣ ታኮ ገብቶለት፣ አየሩ ሞልቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ፣ ታምቡሩም ቀዝቅዞ ሳለ ከየጎማው ጀርባ ያለውን የግፊት ዘንግ በእጅ ሳቡት። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከመጣ ሰፍቷል። በእጅ የሚስተካከል ዓይነት ከሆነ ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ቡሎኑን አጥብቁ፣ ከዚያ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር መልሱት። ከተነካበት ሳይመለስ የቀረ ሸራ መንገድ ሙሉ ሲታሽ ይውላል፤ ቁልቁለቱ ጋ ሲደርስ አስቀድሞ ግሏል። በራሱ የሚስተካከለው ዓይነት በየሳምንቱ በመፍቻ የሚጠበቅ ከሆነ ደግሞ የተበላሸው እሱ ራሱ ነውና ይቀየር። በከተማ መንገድ ይህ ጉድለት አይታወቅም። የሰፋ ፍሬን ቀዝቃዛ ሳለ ይይዛል፤ ታምቡሩ ሲሰፋ ነው ዘንጉ ጫፍ የሚደርሰው።

ተሳቢ ካለ ፍሬኑ በእርግጥ መሥራቱን ለብቻው ሞክሩ። የተሳቢው ሸራ ሲያልቅ ወጪ ለመቆጠብ አየሩን ዘግቶ የሚነዳ አለ። ያን ጊዜ የ40 ቶኑ ሸክም በፊተኛው መኪና ታምቡሮች ላይ ብቻ ይወድቃል፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ መኪናውን ያጥፈዋል። ሌላው አደገኛ ልማድ የአየር ችግር መንገድ ላይ ሲያጋጥም የእጅ ፍሬኑን ስፕሪንግ በቡሎን አስሮ መንቀሳቀስና በዚያው መርሳት ነው። ያ ስፕሪንግ አየር ሲያልቅ መኪናውን በራሱ እንዲይዝ የተሠራ ነው። የታሰረው ለመጎተት ከሆነ ለመጎተት ብቻ ነው፤ ጭነት ይዞ ቁልቁለት አይወረድበትም።

ጎማን በሚመለከት ሁለት ነገሮች ብቻ። ከጎማው ጎን ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ደህና መስሎ ጎማው ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን በተለይ ለፊት እግር አትጠቀሙበት። ሁለተኛው የመንታዎቹ ጎማዎች ነገር ነው። የውስጠኛው ከተነፈሰ ከውጪው ይታወቃል ብላችሁ አታስቡ፤ ረዳቱ በዱላ ወይም በመዶሻ ይምታው፣ ድምፁ ይለያል። የተነፈሰ ጎማ ከመንታው ጋር እየታሸ እሳት እስከ ማስነሳት ይደርሳል።

አፋፉ ላይ

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከመንገድ ወጣ ብላችሁ ቁሙ። ረዳቱ እየዞረ የእጁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጋ፣ ሳይነካ። ሁሉም ሞቅ ብለው አንዱ ብቻ ከቀዘቀዘ ያ ጎማ ፍሬን የለውም፤ ሥራውን ሌሎቹ እየሠሩለት ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ደግሞ እየታሸ ነው። ለዚህ ፍተሻ ገንዘብም መሣሪያም አያስፈልግም፤ በረዳትና በሹፌር መካከል የሚፈጥረው መተማመንም ቀላል አይደለም።

የጭነቱን ገመድና መሸፈኛ ሸራ ጠበቅ አድርጉ። አየሩ ሙሉ መሆኑን ተመልከቱ። ከዚያ ማርሹ ይመጣል።

የቆየው የሹፌሮች ምክር «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረደው» ይላል። ለድሮዎቹ ሞተሮች ትክክል ነበር። የአሁኖቹ፣ ሲኖትራክን ጨምሮ፣ ጉልበታቸው ስለጨመረ ያንኑ ዳገት ከፍ ባለ ማርሽ ይወጡታል፤ ስለዚህ ለመውረድ ከወጡበት አንድ ዝቅ ማለት ይሻላል። ማርሹ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ እግራችሁን ከነዳጅ አንሥታችሁ የጭስ ማፈኛውን ስታበሩ መኪናው ከ25 እስከ 30 ባለው ፍጥነት ራሱን ይዞ መውረድ አለበት። በየአምስትና አሥር ሰከንዱ ፍሬን የሚጠይቅ ከሆነ ማርሹ ከፍ ብሏል፤ የመጀመሪያው ኩርባ ሳይመጣ ቁሙና ዝቅ አድርጉ። የሞተሩ ዙር ከፍ ባለ ቁጥር የመግታት ኃይሉም ይጨምራል፤ ቀዩን መስመር ግን አይለፍ።

ቁልቁለቱ መሐል ላይ ማርሽ ለመቀነስ መሞከር ብዙ ሰው የሞተበት ስህተት ነው። ፍሪሲዮን በተረገጠበት ቅጽበት ሞተሩ መኪናውን መያዝ ያቆማል። 40 ቶን ሁለትና ሦስት ሰከንድ ሳይያዝ ሲቀር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ዝቅተኛው ማርሽ ለዚያ ፍጥነት እምቢ ይላል፤ የነበረውም ተመልሶ አይገባም። ካምቢዮው ፎሌ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው ፍሬን ብቻ ነው፣ እሱም ግሏል።

ስለ ፎሌ ከተነሳ፣ «ናፍጣ ለመቆጠብ» ተብሎ ሆን ብሎ በፎሌ መውረድ በሒሳብም አያዋጣም። በማርሽ ሲወረድና ነዳጅ ካልተረገጠ ፓምፑ ነዳጅ መርጨት ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይበላል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፦ መሪው ይከብዳል፣ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ይቆማል፣ በትንንሾቹ መኪናዎች ላይ ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮም ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ያልቃል። ናፍጣ የሚሰጠው በኮታ ስለሆነ ሹፌሩ ለመቆጠብ ይገደዳል የሚል ባለ መኪና ካለ ኮታውን ያስተካክል።

ሲወርዱ

ፍሬኑ ላይ እግር አስቀምጦ ቀለል አድርጎ እየያዙ መውረድ የሚመች ይመስላል። ግን ሸራው ለአንድ ሰከንድም ከታምቡሩ ስለማይለይ ሙቀቱ ማምለጫ ያጣል። ደግሞም ቀለል ያለ ግፊት ለሁሉም ጎማ እኩል አይደርስም፤ በደንብ የተስተካከሉት ጥቂቶቹ ሥራውን ብቻቸውን ይሠሩና ይቃጠላሉ። የሚሻለው ይህ ነው፦ ለራሳችሁ ጣሪያ አብጁ፣ 30 ይሁን። መኪናው 30 ሲደርስ ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡና በሦስት ሰከንድ ያህል ወደ 20 አውርዱት፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። እንደገና 30 ሲደርስ ድገሙት። በመሐሉ ያለው ጊዜ እያጠረ ከመጣ፣ ለምሳሌ መጀመሪያ በየ40 ሰከንዱ የነበረው በየ15 ከሆነ፣ ፍሬኑ ለመቀዝቀዝ ጊዜ እያጣ ነው ማለት ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ፣ ከጎማ የሚወጣ ጭስ፣ ወይም ያው ፍጥነት ለመቀነስ ፔዳሉን ከበፊቱ ይልቅ ማጥበቅ ካስፈለገ አትከራከሩ፤ የመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙ።

ስትቆሙ ማርሽ አስገቡ፣ ታኮ አድርጉ። ጋለ ብላችሁ ውኃ አትድፉበት፤ የጋለ ታምቡር ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ግማሽ ሰዓት አስቀዝቅዙት። ስትነሡ ደግሞ የታኮውን ድንጋይ አንሱ። መንገድ ላይ የቀረ ድንጋይ ሌሊት ለሚመጣው ሞተር ሳይክል ወይም ሚኒባስ ሞት ነው። ይህን መጻፍ ባያስፈልግ ደስ ባለን፣ ግን ያስፈልጋል።

ዝናብ ሲዘንብ ባዶ ወይም ግማሽ ጭነት የያዘ ተሳቢ የጭስ ማፈኛውን ያጥፋ። ማፈኛው የሚይዘው የሚጎትቱትን የኋላ ጎማዎች ብቻ ነው፤ ክብደት ከሌለባቸው እርጥብ አስፋልት ላይ ይንሸራተቱና መኪናው ይታጠፋል። ይህ ሲሆን የማርሽ ምርጫው ይበልጥ ዝቅ ይበል።

አሁን የትንንሾቹ ነገር። አባዱላና የቤት መኪና የሚሞቱት በአብዛኛው በፍሬን ሳይሆን በመቅደም ነው። በ50 የሚሄድ 20 ሜትር ተሳቢ በ70 ለመቅደም ከኋላም ከፊትም 20 ሜትር ክፍተት ቢተው 12 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ቀዳሚው ከ225 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ከፊት በ80 የሚመጣው ደግሞ 260 ሜትር። ስለዚህ ወደ 500 ሜትር ያህል ባዶና የሚታይ መንገድ ያስፈልጋል። በረሃው ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ እምብዛም የለም። ፍሬቻ ያበራላችሁ የከባድ መኪና ሹፌር «እለፉ» ማለቱ ይሁን ሊታጠፍ ይሁን እናንተ አታውቁም፤ ከኩርባው በስተጀርባ ያለውን እሱም በሙሉ አያየውም።

ፍሬኑ ከጠፋ

ሞተሩን አታጥፉ፣ ከማርሽ አታውጡ። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ፍሬን ባይኖረውም ግማሽ ተይዟል። ዘይት ፍሬን ከሆነ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ርገጡ፤ አንዳንዴ ግፊት ይመለሳል። አየር ፍሬን ከሆነ ደጋግሞ መርገጥ የቀረውን አየር ይጨርሳል፤ አንድ ጊዜ አጥብቃችሁ ያዙት። የእጅ ፍሬኑን በድንገት ሳይሆን ቀስ እያላችሁ አስገቡ። ተስፋችሁን በሱ ላይ ብቻ ግን አትጣሉ፤ ከባድ መኪና ላይ የእጅ ፍሬን የሚሠራው በዚያው በጋለው ሸራና ታምቡር ነው። መብራት አብሩ፣ ክላክሱን አትልቀቁ።

ፍጥነቱ ከመግነኑ በፊት መኪናውን አንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ ውሳኔው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው የሚወሰነው። ገደሉን ሽሹ፣ ወደ ተቆረጠው ተራራ ወገን ያዙ፦ ከመንገዱ ዳር ባለው ቦይ ውስጥ ጎማ ማስገባት፣ ጎኑን ከግንቡ ወይም ከአፈሩ ጋር ማሻሸት፣ የአሸዋ ወይም የጠጠር ክምር ካለ እዚያ መግባት። መኪናው ይጎዳል፣ ስፖንዳው ይቀደዳል። በ40 የተወሰነ ጉዳት በ90 ከሚመጣው ይሻላል። «መኪናውን ላትርፍ» ብሎ ሁለት ኪሎ ሜትር በመሪ ብቻ የሚታገል ሹፌር መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ያጣል። ከመኪና መዝለል ደግሞ ለተሳፋሪም ለረዳትም አይመከርም።

የፊት ጎማ ቢፈነዳ ነገሩ ሌላ ነው፦ ፍሬን አትንኩ፣ መሪውን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ቀጥ አድርጉ፣ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ወደ ዳር ውጡ።

ከድልድዩ ወዲያ

በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው ድልድይ ላይና በመግቢያው ላይ አይቆምም። ወንዙን ካለፋችሁ በኋላ ያለው ዳገት ፍሬን አያግልም፤ የሚያግለው ሞተር ነው። ቆላው ሞቃት ነው፣ ከመነሳታችሁ በፊት የራዲያተሩን ውኃ ተመልከቱ፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን አይከፈትም። ከቆመ ከባድ መኪና ኋላ ተጠግታችሁ አትቁሙ፣ ማርሽ ሲቀይር ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል።

የተበላሸ መኪና አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ከ50 እስከ 100 ሜትር ወደ ኋላ ያስቀምጥ። ኩርባ ላይ ከቆመ ርቀቱን መቁጠር አይበቃም፤ ምልክቱ ከኩርባው በፊት ይሁን፣ የሚመጣው ሰው ገና ሳይታጠፍ እንዲያየው። ቅጠልና ድንጋይ መደርደር የአገር ልማድ ነው፤ ቅጠል በሌሊት አያንጸባርቅም።

እንቅልፍ

በ80 የሚሄድ መኪና ሹፌሩ ለሦስት ሰከንድ ቢያሸልብ 67 ሜትር ያለ ሹፌር ይሄዳል። ሰውነት በጣም የሚከብደው ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት፣ ከቀኑ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጫት እንቅልፍን ያርቃል እንጂ ድካምን አያስወግድም፤ ምርቃናው ሲበርድ ድካሙ በአንድ ጊዜ ይመጣል። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ከፍ ማድረግ ለደቂቃዎች ብቻ ይረዳል። የሚያዋጣው ቆሞ 20 ደቂቃ መተኛት ነው። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሹፌር ደጀን የሚደርሰው ብዙ ሰዓት ነድቶ ነው፤ ስለዚህ ዕረፍቱ ደጀን ላይ፣ ከቁልቁለቱ በፊት ይሁን። ሲሚንቶውን ወይም ጤፉን በዚህ ሰዓት አድርስ ብሎ የሚደውል ባለ መኪናም ይህን ዕረፍት በሒሳቡ ያስገባ። ትርፍ ጭነትም እንዲሁ ነው፦ 5 ቶን ሲጨመር ከላይ ያየነው ሙቀት በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ታምቡሩ ግን አላደገም።

ለተሳፋሪ

መናኸሪያ ውስጥ ሳላችሁ የፊት ጎማዎቹን ተመልከቱ፤ ሽቦ የሚታይበት ወይም ጥርሱ ያለቀ ከሆነ ሌላ መኪና ጠብቁ። ወንበር ሳይኖር በዱካ የሚጫን ትርፍ ሰው ካለ የመኪናው ክብደት ብቻ አይደለም የሚለወጠው፤ በግጭት ጊዜ ያ ሰው በሌላው ላይ ይወድቃል። ቀበቶ ካለ እሰሩ፤ የፊት ወንበር ላይ ላለ ሰው የመሞትን ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

በረሃው ውስጥ አፍንጫችሁንና ጆሯችሁን ተጠቀሙ። የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ፣ ሞተሩ ድንገት ጸጥ ብሎ መኪናው ሲፈጥን (ፎሌ ነው)፣ ሹፌሩ ስልክ ሲያወራ ዝም አትበሉ። አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር «አንተ ሹፌር ነህ?» ይባላል። ከጎን ያለው «ኧረ ረጋ በል ወንድሜ፣ አስቀዝቅዘው» ብሎ ሲደግም፣ ከኋላ እናትየዋ «ልጄ፣ በናትህ» ሲሉ ሹፌሩ ይሰማል። ስድብ ግን ያናድደዋል፣ የተናደደ ሹፌር ደግሞ ይፈጥናል።

አደጋ ደርሶ ከሆነ

መጀመሪያ ከኋላ የሚመጣውን አስቁሙ፤ ሁለተኛው ግጭት ሊረዳ የወረደውን ሕዝብ ነው የሚያገኘው። የመኪናውን ሞተር አጥፉ። ነዳጅ ጫኝ ቦቴ ከተገለበጠ ማንም አይጠጋ፤ የፈሰሰውን ለመቅዳት ጀሪካን ይዞ የሚመጣውን መልሱት፣ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ያርቁት። የቆሰለን ሰው እሳት ወይም የገደል ስጋት ከሌለ እጅና እግሩን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ አንገቱ ወይም ጀርባው ተሰብሮ ከሆነ ሽባ ታደርጉታላችሁ። የሚፈስ ደም በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ፣ ጨርቁ ቢርስም ሳይነሳ ሌላ ይደረብበት። ራሱን የሳተ ግን የሚተነፍስ ሰው፣ አንገቱና ጀርባው ሳይጠማዘዝ፣ በጎኑ ይተኛ፤ ምላሱና ትውከቱ እንዳያፍነው። ውኃ አታጠጡት።

ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 ይደወላል። ስትደውሉ «አባይ በረሃ» ማለት አይበቃም፤ ከጎሃ ጽዮን ወይም ከደጀን በኩል መሆኑን፣ ከድልድዩ በላይ ስንት ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነና ስንት ሰው እንደተጎዳ ተናገሩ። ኔትወርክ ከሌለ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ በሚሄዱ መኪናዎች መልእክት ላኩ፤ የቱ ቀድሞ እንደሚደርስ አይታወቅም።